ሐሳብ እየተበተነ ጸሎትን መያዝ፦ በሩጫ ለሚኖር ምእመን ዝርዝር መመሪያ

ለጸሎት ቆማችኋል። አማትባችኋል። «አባታችን ሆይ» ተብሎ ሳያልቅ የቤት ኪራዩ ትዝ ይላችኋል። ቀጥሎ ትናንት አለቃችሁ የተናገረው ነገር ይመጣል። ከዚያ ስልኩ ይነዝራል። «አሜን» ስትሉ አፋችሁ የቱን እንዳለና የቱን እንደዘለለ አታውቁትም።

ብዙ ሰው ይህን እንደ እምነት ማነስ ይቆጥረዋል። ከዚያ «እንዲህ ከሚጸለይስ ቢቀር ይሻላል» ይልና ይተወዋል። ግን ስልክም ኪራይም ያልነበረባቸው የበረሃ አባቶች በዚሁ ነገር ተቸግረዋል። አንድ ወንድም ወደ አባ ጴሜን ሄዶ «ሐሳብ በዝቶብኝ ልጠፋ ነው» ብሎ ነገረው ይባላል። አባ ጴሜን ወደ ደጅ አወጣውና «እቅፍህን ዘርግተህ ነፋሱን ያዘው» አለው። «አልችልም» አለ። «እንግዲያው ሐሳብ እንዳይመጣም መከልከል አትችልም፤ ሲመጣ መቃወም ግን የአንተ ፋንታ ነው» ብሎ መለሰለት።

ይህ መመሪያ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሐሳብ ይበተናል። የምንለማመደው መመለስን ነው። መመለስ የሚቀለው ደግሞ ቀኑ መመለሻ ሰዓትና ቦታ ሲኖረው ነው። በየጠዋቱ በስሜትና በቆራጥነት ብቻ ልያዘው ያለ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ አይሄድም።

የጻፍኩት ሥራ ውሎ ለሚገባ፣ ልጅ ለሚያሳድግ፣ ለሚማር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። ወንጌላውያን ወገኖች «የጥሞና ጊዜ» የሚሉትን ለማጽናት የሚፈልጉም ከስልኩ፣ ከሰዓቱና ከሐሳብ መበተኑ ክፍል የሚወስዱት አያጡም።

1. የሚበትናችሁን ለዩ

መፍትሔ ከመፈለግ በፊት ሦስት ቀን ብቻ ታዘቡ። ትንሽ ወረቀት ያዙ። ጸሎት የቀረበትን ወይም የተቋረጠበትን ምክንያት በአንድ ቃል ጻፉ። «ስልክ»፣ «እንቅልፍ»፣ «ልጁ አለቀሰ»፣ «ብድር»፣ «እንግዳ መጣ»። ራሳችሁን አትውቀሱ፤ መመዝገብ ብቻ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 8 በእሾህ መካከል የወደቀውን ዘር ጌታ ሲተረጉም ሦስት ነገር ይጠራል። የኑሮ ሐሳብ፣ ባለጠግነትና የሕይወት ተድላ። ወረቀታችሁ ላይ ያለው አብዛኛው ከነዚህ በአንዱ ሥር ይገባል። መለየቱ የሚጠቅመው መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ተድላውን፣ ማለትም ስልኩን፣ ተከታታይ ፊልሙን፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቀውን ኳስ፣ መቁረጥ ወይም መወሰን ይቻላል። የኑሮ ሐሳብን ግን አትቆርጡትም። ኪራዩ አለ፤ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ይህን ወደ ጸሎቱ ይዛችሁት ነው የምትገቡት። እንዴት እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከሁለቱም የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ ግዴታ። የታመመች እናት ማስታመም፣ ጡት የሚጠባ ልጅ፣ የሌሊት ተረኝነት። ይህን «ከእግዚአብሔር የሚለየኝ ነገር» ብላችሁ አትመዝግቡት። ጌታ ማርታን ሲገሥጻት ለምን ምግብ አዘጋጀሽ አላላትም። «በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ ትታወኪማለሽ» ነው ያላት። ሕፃን ታቅፋ ቆማ አቡነ ዘበሰማያት የምትደግም እናት ጸሎቷ ሙሉ ነው። የሌሎቹን ርዝመት ከራሷ ላይ መጫን የለባትም።

2. ከንስሐ አባታችሁ ጋር ትንሽ ሥርዓት ወስኑ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። አንድ ጥሩ ስብከት ይሰማል፤ ልቡ ይነካል። በማግስቱ ሙሉ የዘወትር ጸሎት፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን፣ መልክአ ኢየሱስ፣ መልክአ ማርያምና ዐሥር መዝሙር ሊያደርስ ይነሣል። አንድ ሳምንት ይዘልቃል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ያመልጠዋል፤ በሦስተኛው መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ልክ ይኑራችሁ። አንዱ የደህና ቀን ልክ ነው። ሁለተኛው የክፉ ቀን ልክ ነው፤ ትኩሳት ይዟችሁም፣ መንገድ ላይም፣ ከለቅሶ ቤት አምሽታችሁም የማትተዉት። ለጀማሪ እንዲህ ቢሆን ይበቃል እላለሁ።

የደህና ቀን ጠዋት፦ ማማተብ፣ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ ወይም ሁለት መዝሙረ ዳዊት። ከዚያ በራሳችሁ አነጋገር ለቀኑ የምትለምኑት። ማታ ደግሞ አጭር፤ ምስጋና፣ የቀኑን ጥፋት ማሰብና ይቅርታ መጠየቅ፣ አንድ መዝሙር።

የክፉ ቀን፦ ማማተብ፣ አቡነ ዘበሰማያትና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» (አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረን) ጥቂት ጊዜ።

ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት ተከፍሎ መዘጋጀቱ ለሥራ ሰው ትልቅ እርዳታ ነው። የሰኞው ሰኞ ይደርሳል፣ የማክሰኞው ማክሰኞ። ዛሬ ምን ልጸልይ ብላችሁ አትመርጡም። መዝሙሩም እንዲሁ በቁጥር ይያዝ። 150ው መዝሙር በቀን አምስት ቢደገም በ30 ቀን ያልቃል፤ በቀን ሁለት ቢሆን በ75። በአባቶች አከፋፈል ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ በቀን አንድ ንጉሥ ለመድገም መድረስ የኋላ ጉዳይ ነው።

ይህን ይዛችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። «አባ፣ ሥራ የምገባው በሁለት ሰዓት ነው፤ ቤት የምደርሰው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። ምን ያህል ልያዝ?» ብላችሁ እንቅጩን ንገሯቸው። ለራስ ለብቻ የተገባ ቃል ይረሳል። የሚጠይቃችሁ ሰው ሲኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የንስሐ አባት የሌላችሁ ከሆነ በቅርባችሁ ባለው ደብር ከቅዳሴ በኋላ አንድ ካህን ቀርቦ መጠየቅ ነው። ካህናቱ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደሉም።

3. ጸሎቱን ከሰዓት ጋር እሰሩት

«ጊዜ ሳገኝ እጸልያለሁ» ማለት ጊዜ የለም ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ሰዓት አላት። መሠረቱም «ሰባት ጊዜ በየቀኑ አመሰግንሃለሁ» የሚለው የዳዊት ቃል ነው (መዝ. 118፥164)። ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (መኝታ) እና መንፈቀ ሌሊት። በቢሮ ወይም በሱቅ የሚውል ሰው ሁሉንም በሙሉ ማድረስ አይችልም። ግን ሁሉንም ሊያስባቸው ይችላል።

እኛ ለዚህ የታደልን ነን። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው ሰዓት ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓት ነው። መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ሲወርድ ጴጥሮስ «ከቀኑ ሦስተኛ ሰዓት ነው» ይላል፤ ያ የእኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ጴጥሮስ ሊጸልይ ጣሪያ ላይ የወጣው በስድስት ሰዓት ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡት «በጸሎት ጊዜ በዘጠኝ ሰዓት» ነው። በስቅለቱ ቀን ምድር የጨለመችው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰዓት ማስላት አያስፈልግም። ምሳ ልትወጡ ስትሉ ስድስት ሰዓት መሆኑን ማየት ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋትና ማታ ሙሉ ጸሎታችሁን ታደርሳላችሁ። በመካከል ያሉትን ሦስቱን፣ ማለትም 3፣ 6 እና 9 ሰዓትን፣ በአንድ አጭር ቃል ያዙ። ሦስት ሰዓት ላይ «ቅዱስ መንፈስህን ከእኔ ላይ አትውሰድብኝ»። ስድስት ሰዓት ላይ «ስለ እኛ የተሰቀልክ ሆይ ማረን»። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «በመንግሥትህ አስበኝ»። ከወንበር መነሣትም ዓይን መጨፈንም አያስፈልግም። ማንም አያውቅባችሁም።

ነህምያን አስቡት። የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ነው፤ ሥራ ላይ ነው። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት «ወደ ሰማይም አምላክ ጸለይሁ» ይላል (ነህ. 2፥4)። በንጉሥ ፊት ቆሞ ስንት ሰከንድ ሊኖረው ይችላል? ልብ በሉ ግን፤ ይኸው ሰው ቀደም ባለው ምዕራፍ ቀናትን በጾምና በጸሎት አሳልፏል። አጭሩ የቆመው በረጅሙ ላይ ነው። ጠዋትና ማታውን ትቶ «እኔ በልቤ እጸልያለሁ» የሚል ሰው ቀስ በቀስ የልቡንም ይረሳል።

ስለ አባ እንጦንስ የሚነገረውም እዚህ ይገባል። በበረሃ ተቀምጦ መንፈሱ ደከመ፤ ሐሳብም በዛበት። ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ እርሱን የሚመስል ሰው አየ። ተቀምጦ ይሠራል፤ ተነሥቶ ይጸልያል፤ ደግሞ ተቀምጦ ገመድ ይታታል፤ ደግሞ ተነሥቶ ይጸልያል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ ትድናለህ» አለው። ሥራውን አላስተወውም።

4. ቦታና አካል

ባለ አንድ ክፍል ቤትም ቢሆን አንድ ማዕዘን ይለይ። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ቢሆን መልካም ነው። ሥዕለ አድኅኖ (ቅዱስ ሥዕል)፣ የጸሎት መጽሐፍና መስቀል። ነጠላችሁ እዚያው ይንጠልጠል። ማታ አዘጋጅታችሁ እደሩ፤ ጠዋት በእንቅልፍ ዓይን መጽሐፍ ፍለጋ ጸሎቱን ይበላዋል።

ቁሙ። አልጋ ላይ ተጋድሞ መጸለይ ለታመመ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ወደ እንቅልፍ ነው የሚወስደው። በሚሰገድበት ቀን ስገዱ። ሐሳብ ሲበር አካል ግን ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ሐሳብን ጎትቶ የሚመልሰውም እሱ ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ግድግዳው ድምፅ የሚያሳልፍባችሁ፣ ለራሳችሁ ጆሮ በሚሰማ ልክ ማንሾካሾክ ይበቃል።

ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ክፍል የምትኖሩ ከሆነ አንድ ቀን በግልጽ ተነጋገሩ። «ከ12 እስከ 12 ተኩል ትንሽ እጸልያለሁ» ማለት አያሳፍርም።

5. ስልኩን አደብ አስይዙት

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ስልክ ኃጢአት አይደለም። ቤተሰብ የምንጠይቅበት፣ ብር የምንልክበት፣ ቅዳሴም የምንሰማበት ነው። ችግሩ መቼ እንደምናየው የሚወስነው እሱ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የመኝታውን ቦታ ለውጡ። ስልኩ ከራስጌ ይነሣና ሳሎን ወይም ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ይደረግ። ለመነሻ የግድግዳ ወይም የጠረጴዛ ደወል ሰዓት ግዙ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ልታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ጠዋት ዓይን ሲገለጥ መጀመሪያ የሚታየው የቴሌግራም መልእክት ከሆነ ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት ጭንቅላቱ ሞልቷል። በማርቆስ ወንጌል ጌታ «ማለዳም ተነሥቶ ገና ሌሊት ሳለ» ወደ ምድረ በዳ ሄዶ እንደጸለየ እናነባለን (ማር. 1፥35)። ሰዎቹ «ሁሉ ይፈልጉሃል» ብለው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ፈላጊ መቼም አይጠፋም። መጀመሪያ ማን እንደሚያገኛችሁ ግን እናንተ ትወስናላችሁ።

ቀጥሎ ማሳወቂያውን አጥሩ። ወደ ስልኩ ማስተካከያ ገብታችሁ የእያንዳንዱን መተግበሪያ ኖቲፊኬሽን እዩ። ስልክ ጥሪና የቅርብ ሰው መልእክት እንደበራ ይቆይ። ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ የጨዋታ መተግበሪያ ይዘጋ። ቴሌግራም ላይ ቻናሎችንና ግሩፖችን አንድ በአንድ ድምፃቸውን አጥፉ። የመንደር ግሩፑ፣ የክፍል ጓደኞች ግሩፑ፣ የዜና ቻናሉ ጊዜ ስታገኙ ይታያሉ።

ሦስተኛ፣ ለጸሎት ሰዓታችሁ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውን አሠራር በሰዓት ሙሉት። በየቀኑ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል። የታመመ ቤተሰብ ያለው ሰው የተመረጡ ቁጥሮች ብቻ እንዲያልፉ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ «አደጋ ቢፈጠርስ» የሚለው ምክንያት መልስ አለው። አንድሮይድ ላይ «ዲጂታል ዌልቢንግ»፣ አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም» በሚለው ደግሞ ለአንድ መተግበሪያ የቀን ገደብ ማበጀት ይቻላል። ገደቡን ራሳችሁ ልታነሡት ትችላላችሁና ብዙ አትመኩበት።

አራተኛ፣ ከወረቀት ጸልዩ። የጸሎት መተግበሪያዎች መኖራቸው መልካም ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያግዛሉ። ቤት ውስጥ ግን የኪስ ውዳሴ ማርያምና መዝሙረ ዳዊት ይሻላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሸጣል። መጽሐፍ መካከል ላይ መልእክት አይገባበትም።

6. ጸሎት መካከል ሐሳብ ሲሄድ ምን ይደረግ

ሁሉንም አስተካክላችሁ ቆማችኋል፤ ሐሳቡ ግን ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የሚደረገውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

መሄዱን እንዳወቃችሁ ያላችሁበት መስመር ላይ ተመለሱ። ወደ መጀመሪያው አትመለሱ። «በልብ አላልኩትምና ከአንድ ልጀምር» የሚል ሰው ሦስት ጊዜ ይጀምራል፤ በአራተኛው ተማርሮ ያቆማል። ያመለጠው አምልጧል። ከዚህ ቃል ቀጥሉ።

አትናደዱ። በራስ ላይ መናደድም ሌላ መበተን ነው። ስለ መበተናችሁ እያሰባችሁ ሌላ ሦስት መስመር ያመልጣችኋል።

ድምፅ አውጡ፤ አዝግሙ። ዓይን ብቻውን ሲያነብ ይሮጣል። ምላስ ሲጨመርበት ይዘገያል። በግእዝ የምትደግሙ፣ ትርጉሙን የማታውቁት ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን ያንኑ ክፍል በአማርኛ አንብቡት። የሚሉትን ማወቅ ሐሳብን ይይዛል።

የሚመለሰው ሐሳብ አንድና ያው ከሆነ፣ በግድ አታባርሩት። ስም ሰጥታችሁ ወደ ጸሎቱ አስገቡት። «ጌታ ሆይ፣ ይህ የኪራይ ነገር አስጨንቆኛል፤ አንተ ታውቃለህ» በሉና ወደ መስመራችሁ ተመለሱ። የኑሮ ሐሳብን ወደ ጸሎቱ ይዛችሁት ትገባላችሁ ያልኩት ይህን ነው። የተጣላችሁት ሰው ፊት ከሆነ ደጋግሞ የሚመጣው፣ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ የሚለው ቃልም አለ (ማቴ. 5፥23)። እንዲህ ያለውን ሐሳብ ማባረር ሳይሆን፣ ከጸሎት በኋላ ደውሎ መጨረስ ነው።

መሥራት ያለባችሁ ነገር ትዝ ብሏችሁ ከሆነ ደግሞ፣ አጠገባችሁ ያለ ወረቀት ላይ በአንድ ቃል ጻፉት። «ጋዝ»፣ «ደረሰኝ»። ከዚያ ቀጥሉ። እንዳልረሳው የሚለው ፍርሃት ሲወጣ ሐሳቡ አብሮ ይወጣል። አንዳንድ ሰው ጸሎት ላይ እስክሪብቶ መያዝ ድፍረት ይመስለዋል። እኔ ግን ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ስለ ጋዝ እያሰቡ ዳዊት ከመድገም ይሻላል ባይ ነኝ።

በጣም ሲበረታ መቁጠሪያ ያዙ። ረጅሙን አቁሙና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በሉ። አጭር ቃል ነው፤ ጣት ይቆጥራል፤ አፍ ይላል። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። ካልሆነም በዚያው ጨርሱ።

7. ቅዳሴ ላይ

ቅዳሴው ራሱ ሐሳብን የሚሰበስብ ሆኖ ነው የተሠራው። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ይላል። ሕዝቡ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብሎ ይመልሳል፤ በእግዚአብሔር ዘንድ አለን ማለት ነው። ዲያቆኑ «የተቀመጣችሁ ተነሡ»፣ «ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ»፣ «እናስተውል» እያለ ይጣራል። ልባችን እንደሚሄድ ታውቆ ነው ጥሪው የሚደጋገመው። ስለዚህ የዲያቆኑን ድምፅ የመመለሻ ምልክት አድርጉት። እሱ በተናገረ ቁጥር የት ነበርኩ ብላችሁ ተመለሱ።

ተሰጥዎውን፣ ማለትም ሕዝቡ የሚመልሰውን፣ ተማሩና ተቀበሉ። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ቶሎ ይሄዳል። የቅዳሴ መጽሐፍ በግእዝና በአማርኛ ስለሚገኝ አንድ ገዝቶ ተከትሎ ማንበብ ለጀማሪ ይረዳል። ስልኩ ቤት ይቅር፤ ካልሆነ ይጠፋ፤ ኪስ ውስጥ ነዝሮ የሚያዘናጋም አለ። ቀድማችሁ ድረሱ። ወንጌል ሲነበብ የደረሰ ሰው ልቡ የሚሰበሰበው ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ነው።

ልጆች ይዛችሁ የምትመጡ አትሸማቀቁ። ሕፃን ሲያለቅስ ወጥቶ ማባበል፣ ተመልሶ መቆም ነው። እነሱም የሚማሩት እየመጡ ነው።

8. መንፈሳዊ መስሎ የሚበትን

ይህን ክፍል ማንም ስለማይጠረጥረው ለብቻው አወጣሁት። ሰውየው ዘፈን አይሰማም፤ ፊልም አያይም። ግን ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጫጭር ስብከት፣ የመዝሙር ክሊፕ፣ የተአምር ምስክርነት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጭቅጭቅ ያያል። እገሌ ለእገሌ የሰጠው መልስ። ላይቭ ላይ የሚደረግ ክርክር። ኮመንት ላይ ስድብ። ሲተኛ ደክሞታል። ጸሎቱን አላደረሰም። ግን ቀኑን በመንፈሳዊ ነገር ያሳለፈ ይመስለዋል።

መለያው ቀላል ነው። ካያችሁት በኋላ ለመጸለይ ትነሣላችሁ ወይስ ቀጣዩን ትከፍታላችሁ? ሰው ወዳችሁ ነው የምትዘጉት ወይስ ተናዳችሁ? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ሰባኪው ማንም ይሁን ተዉት።

የምሰጠው ምክር ይህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የምትከታተሉት አንድ መምህር፣ አንድ ሙሉ ትምህርት ይበቃል። ከአንድ ደቂቃ ክሊፕ አንድ ሰዓት ትምህርት ይሻላል። እየሰማችሁ ጻፉ። ጸሎቱን ደግሞ ሁልጊዜ ከመስማት አስቀድሙ። የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ደግሞ አጥቢያችሁ ሰንበት ት/ቤት አለ፣ ሰበካ ጉባኤ አለ። እዚያ ሄዶ ወንበር ማስተካከልም ቢሆን ከኮመንት ይሻላል።

9. ጾምን እንደ መነሻ ተጠቀሙበት

አዲስ ልማድ ለመጀመር ከጾም የተሻለ ጊዜ የለም። ሁሉም ሰው አብሯችሁ ነው። ምግቡም ይቀንሳል፤ ግብዣውም ይቀንሳል፤ ቅዳሴውም ከቅዳሜና እሑድ በቀር በጾም ቀናት ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ከሥራ ፈቃድ ባገኛችሁበት ቀን ይደረስበታል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረጅም ነው። ለመሞከር ነነዌ ሦስት ቀን ብቻ ናት። ነሐሴ 1 የምትገባው ፍልሰታ ሁለት ሳምንት ናት፤ በብዙ አጥቢያዎች የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ስለሚሰጥ በየቀኑ የምትሉትን ለመረዳት ጥሩ ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ጨምሩ፤ አንድ ነገር ቀንሱ። ለምሳሌ በፍልሰታ አንድ መዝሙር ትጨምራላችሁ፤ ከማታ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልክ አትነኩም። ረቡዕና ዓርብም በዓመቱ ውስጥ ይኸው መልክ ይኑራቸው። የጾም ምግብ ዓይነት ስንፈልግ የምናጠፋውን ጊዜ ግን አንርሳ። ሽሮው በቂ ነው።

ወርኃዊ በዓላቱም አሉ። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም። በምትወዱት አንድ ቀን በየወሩ ከሥራ በፊት ኪዳን (የጠዋቱን የቤተ ክርስቲያን ጸሎት) ማድረስ ወይም መሳለም ያዙ። ጽዋ ማኅበር ያላችሁ ደግሞ ዝክሩ ወደ ወሬና ሆድ ብቻ እንዳይዞር፣ ጸሎቱንና ንባቡን አስቀድሙ።

10. ለስደተኛውና ለተረኛው

ዋሽንግተን አካባቢ የሌሊት ሽፍት የምትሠሩ፣ ቀኑ ተገልብጦባችኋል። «ነግህ» ለእናንተ ከእንቅልፍ የምትነሡበት ሰዓት ይሁን፤ ከቀትር በኋላም ቢሆን። ከንስሐ አባታችሁ ጋር በዚያ ልክ አስተካክሉ። እሑድ የምትሠሩ ከሆነ ቅዳሴ ያለበትን ሌላ ቀን ጠይቁ።

በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶች ቤተ ክርስቲያን መሄጃ፣ አንዳንዴም መቆሚያ ቦታ የላችሁም። ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ» ያለው ለእናንተም ነው (ማቴ. 6፥6)። በቃል የያዛችሁት ጸሎት ማንም የማይወስድባችሁ ነው። በሳምንት አንድ አጭር መዝሙር በቃል ያዙ። መዝሙር 22ን፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን፣ ከዚያ 120ን፣ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለውን። አጭር ናቸው፤ ሳህን እየታጠበ ይደገማሉ።

11. ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ሰርግ ይመጣል፣ ፈተና ይመጣል፣ ዝም ብሎ ስንፍናም ይመጣል። አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ ያለፈውን ልክፈል ብላችሁ አትነሡ። ሰባት ቀን ያመለጠን መዝሙር በአንድ ጠዋት ልድገም የሚል ሰው በማግስቱ ደግሞ ያቋርጣል። በክፉ ቀን ልካችሁ ጀምሩ፤ ሦስት ቀን በእሱ ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ደህናው ተመለሱ።

ወር ካለፈ ግን ለብቻችሁ አትታገሉ። ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ። «አባ፣ አቋርጫለሁ» በሉ። ማብራሪያ ማብዛት አያስፈልግም። ምክንያቱን ይጠይቋችኋል፤ ምናልባትም ሥርዓቱን ያሳጥሩላችኋል። አንዳንዴ የተቋረጠው ከመጀመሪያው ስለ በዛ ነው። ከምክሩ ጋር ንስሐውም ይኑር፤ ልብ ውስጥ የተቀመጠ ያልተነገረ ጥፋት ሰውን ከጸሎት ማዕዘን ያርቀዋል።

ዛሬ ማታ ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የኪስ ውዳሴ ማርያሙን ፈልጋችሁ የነገው ቀን ላይ ምልክት አድርጉ። ነጠላውን አጠገቡ ስቀሉ። የደወል ሰዓቱን ሙሉ፤ ከሌለ ለዛሬ ስልኩን ደወል ሞልታችሁ ከመኝታ ክፍሉ ውጪ፣ ድምፁ በሚሰማችሁ ርቀት አስቀምጡት። ሲጮኽ ለማጥፋት መነሣታችሁ አይቀርም፤ ተነሥታችኋልና መልእክቱን ሳትከፍቱ በቀጥታ ወደ ማዕዘናችሁ ሂዱ።